የጥንቸሏ ስልቻ

ተረት ተረት። በጃማ አገር፣ በደጎሎ ሜዳ ላይ፣ አውሬዎች ጽሕፈት ቤት ነበራቸው።

አገሩ የዋልካ አገር ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃውን ይዞ አላሳልፍ ይላል፤ ማሳው ያቁራል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ እግር ይዋጣል። በጋ ሲገባ ደግሞ ያው አፈር ተሰነጣጥቆ ጥጃ እግሩን የሚሰብርበት ይሆናል። በዚህ አፈር ላይ የሚኖር ሁሉ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጨነቀው በአንድ ነገር ነው፤ ውሃው በየት ይሂድልን?

የጽሕፈት ቤቱ አለቃ ጭላዳ ነበር። ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ ወገቡን የሸፈነ፣ ለወገኑ የሚራራ ሽማግሌ ነው። ጎተራው በእመት ቀበሮ እጅ ነበር። እመት ቀበሮ ክፉ አልነበረችም። ስንት የረኃብ ዘመን ያሳለፈች፣ እያንዳንዷን ፍሬ ቆጥራ የምታስገባና ቆጥራ የምታወጣ፣ ለዘመዷ እንኳ ከልክ በላይ የማትሰፍር ባለ ሒሳብ ነበረች። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ቁራ ነው። የአፈሩን ጉዳይ የያዘው ደግሞ አያ ፍልፈል።

አያ ፍልፈል ዓይኑ አያይም። ፍልፈልን ለዚህ ተረት የመረጥሁት በትንሽነቱ ወይም ከምድር በታች በመኖሩ አይደለም። ከደጋው ፍጥረት ሁሉ አፈሩን በጥርሱና በጥፍሩ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የት ሰርጎ እንደሚወርድ፣ ዋልካው ስንት ክንድ ወርዶ ከድንጋይ እንደሚገናኝ ያውቃል። ጃርት ቤቷን ስትቆፍር የምታማክረው እሱን ነበር። ቆቅ እንቁላሏን የምትጥልበትን ደረቅ ቦታ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

በየዓመቱ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ የወሎ አውሬዎች ሁሉ በሐይቅ ዳር ጉባኤ ይቀመጣሉ። ከደጎሎ የሚነሣው ጉባኤተኛ ወረኢሉን፣ ካቤን፣ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ ወደ ደሴ ይወርዳል፤ ከዚያ ሐይቅ ይገባል። ደንቡ አጭርና ግልጽ ነበር፤ አንድ ጉባኤተኛ፣ አንድ ስልቻ በሶ። ለሁሉም እኩል።

በዚያ ዓመት ከሐይቅ የመጣው መልእክት፣ «የዘንድሮው ጉባኤ ውሃ ስለሚያቁር አፈር ይመክራል» ይላል። ቁራ የተጓዦቹን ስም አነበበ። ሚዳቋ አለች። ጃርት አለች። አፈር ረግጦ ከማለፍ በቀር ስለ አፈር አንድ ነገር የማያውቀው አያ ጅቦም አለ። አያ ፍልፈል የለም።

«አያ ፍልፈልስ?» አለች ቆቅ።

«መንገዱ ይከብደዋል» አለ አለቃ ጭላዳ፤ ከልቡ እያዘነ። «ገደል አለ፣ ብርድ አለ። እሱን የመሰለ አዋቂ አንድ ነገር ቢሆንብን ምን ብለን እንመለሳለን? እዚሁ ይረፍ። ስንመለስ ቁራ ቃለ ጉባኤውን ያነብለታል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በክፋት የመጣ ክልከላ ቢሆን ቆቅ ትጮህ ነበር። ርኅራኄ ለብሶ ሲመጣ ግን የሚጮኽበት አይገኝም፤ የተከለከለው ራሱ እንኳ አመስግኖ እንዲቀመጥ ይጠበቅበታል። ብዙ በር የተዘጋው በእንዲህ ያለ ለስላሳ እጅ ነው።

አያ ፍልፈል ግን አመስግኖ አልተቀመጠም። በማግስቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ አፈሩን ገፍቶ ብቅ አለ።

«አለቃ፣ ለኔ ማሰብዎን አውቃለሁ። ግን መንገዱ ይከብደኝ እንደሆነ ማን ጠየቀኝ? ልሂድ አልሂድ የምለው እኔ ነኝ። የሚያስፈልገኝ መሪ ነው። ጥንቸሊት መንገዱን ታውቀዋለች፣ እኔንም ታውቀኛለች፣ እሺ ብላለች። ለሷ አንድ ስልቻ ይሰፈርላት።»

አለቃው ወደ እመት ቀበሮ ዞረ።

«አያ ፍልፈል፣ አትቀየመኝ» አለች። «ደንቡ አንድ ለአንድ ነው። ላንተ ሁለት ብሰፍር ጃርት ምን ትለኛለች? ሚዳቋ ምን ትለኛለች? አዳላች እባላለሁ። ከፈለግህ ግን ስምህን እናስገባ፣ አንዱን ስልቻ ከጥንቸሊት ጋር ተካፈሉት።»

አያ ፍልፈል ዝም ብሎ ቆየ። ነገሩ ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል፤ ጉባኤው ስለ አፈር መሆኑንም ያውቃል። «እሺ» አለ።

ሄዱ። ሌሎቹ ካቤ ላይ ሲያርፉ ጠግበው ነው፤ ፍልፈልና ጥንቸሊት ግን የቀረውን በሶ በጥፍር እየለኩ ነበር። ጉጉፍቱ ላይ ጥንቸሊት «በልቻለሁ» ብላ ዋሸችው፤ እሱም «ጠግቤያለሁ» ብሎ ዋሻት። ሐይቅ ሲደርሱ ሁለቱም እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጉባኤው በር ላይ የቆመው ዝንጀሮ ዝርዝሩን አየና፣ «አያ ፍልፈል ይግቡ። ጥንቸሊት ስምሽ የለም፣ ውጭ ጠብቂ» አለ። የመጀመሪያው ቀን በክርክር አለፈ። በሁለተኛው ቀን አስገቧት፤ ነገር ግን ለምሳ ሲቀርቡ ድርሻ የላትም ተባለ።

ዳክዬ ነበር ትምህርቱን የሚሰጠው። እርጥብ አሸዋ ላይ በእግሩ መስመር እየሳለ ይናገራል።

«እንደምታዩት ውሃው ከዚህ ተነሥቶ ወደዚህ ይመጣል። ይህኛውን ከዘጋን በዚህ በኩል ይወጣል ማለት ነው። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው!» አለ ጉባኤው።

«ወዴት ነው ያለው?» አለ አያ ፍልፈል በሹክሹክታ። ጥንቸሊት ጆሮው ሥር ልትነግረው ስትጀምር ከፊት የተቀመጠው አያ ጅቦ ዞሮ፣ «እባክሽ አትረብሺ» አላት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ረኃብ ያደከመው ዝቅ ያለ ድምፅ ምን ያህል ይሰማል? አያ ፍልፈል «ከዚህ» የተባለው ከየት እንደሆነ፣ «ወደዚህ» የተባለው ወዴት እንደሆነ ሳይደርስበት ትምህርቱ አለቀ። ማታ ማታ በአህያ ጭነት የመጣ እንጨት እየነደደ፣ ጉባኤተኛው ፊት ለፊት እየተያየ፣ የዳክዬን ሥዕል እየከበበ ሲከራከር ያመሻል። አያ ፍልፈል ሙቀቱ ደርሶታል። ሥዕሉ አልደረሰውም።

ሲመለሱ አለቃ ጭላዳ፣ «እህ፣ አያ ፍልፈል፣ ምን ይዘህልን መጣህ?» አለው።

«ግማሽ ስልቻ ሰጣችሁኝ፤ ግማሽ ጉባኤ ይዤላችሁ መጣሁ።»

በዚያው ዓመት አውሬዎቹ በዳክዬ ሥዕል መሠረት ቦይ ቀደዱ። ሥዕሉ ለሐይቅ ዳር አሸዋ የተሳለ ነበር፤ የደጎሎ ዋልካ ከሥሩ ወዴት እንደሚያዘነብል በጉባኤው ላይ ተነሥቶ ሊናገር የሚችለው አንድ ፍጥረት ሲሆን፣ እሱም ምን እንደተሳለ አላወቀም። ሐምሌ ላይ ቦዩ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ጃርት ቤት አስገባው።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመውና የተረቱ ባለቤት የሆኑትን ሰዎች ላንሣ።

የኛ መሥሪያ ቤት ሰው ሥልጠና፣ ዐውደ ጥናት ወይም ጉባኤ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከወረዳ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ነው። አዲስ ነገር የሚሰማበት፣ ከሙያ አጋር ጋር የሚተዋወቁበት፣ ለደረጃ እድገት የሚቆጠር የምስክር ወረቀት የሚገኝበት ነው። ውሎ አበልም አለው። አበሉ የሚሰላው ግን ለአንድ ሰው ነው። ዓይነ ስውሩ መምህር ወይም ዐቃቤ ሕግ በማያውቀው ከተማ የሚመራው ሰው ካስፈለገው፣ የመሪው የአውቶቡስ ዋጋ፣ አልጋና ምግብ የሚወጣው ከዚያችው ከአንድ ሰው አበል ይሆናል። ጓደኞቹ ከአበላቸው ተርፏቸው ሲመለሱ እሱ ተበድሮ ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ «ይቅርብኝ» ሲል ደግሞ ፍላጎት የለውም ይባላል።

አገሪቱ ይህን ሳታስብበት ቀርታ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያዘጋጅ፣ ሠራተኛው ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል የሚያስፈልገውን ረዳት እንዲመድብለት ያዛል። ሥልጠና የሚለው ቃል ተጽፎ አለ። ረዳት የሚለውም አለ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ መድልዎ ነው ይላል። የእመት ቀበሮ «ላንተ ብሰፍር አድልዎ ነው» በሕጉ ፊት ተገልብጧል።

እዚያው ወሎ ውስጥ፣ በአማራ ሳይንት በ1974 ዓ.ም. አንዲት ሴት ተወለደች፤ የትነበርሽ ንጉሤ። በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ አጠናች፣ የኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኝነትና ልማት ማዕከልን ካቋቋሙት አንዷ ሆነች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። እንኳን ወሎ፣ ኢትዮጵያ የምትኮራባት ናት። እሷ በዓለም መድረክ ስትናገር የምናጨበጭብ ሰዎች ግን፣ በወረዳችን ያለችው ዓይነ ስውር ባለሙያ ለሦስት ቀን ሥልጠና ደሴ ስትላክ በመሪዋ አበል ላይ እንከራከራለን። ጭብጨባው ምንም አያስወጣንም። ሥራው ያለው በአበሉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አያ ፍልፈልን የአፈር አዋቂ ያደረግሁት ተረቱ እንዲሄድልኝ ነው። የጃርት ቤት ባይጥለቀለቅም፣ አያ ፍልፈል እንደ አያ ጅቦ ምንም የማያውቅ ቢሆንም፣ ስልቻው ይገባው ነበር። ዓይናማው ሠራተኛ ለመማር፣ ለመተዋወቅ፣ አንዳንዴም አገር ለማየት ሲላክ «ምን ትጠቅመናለህ?» ብሎ የሚመዝነው የለም። ዓይነ ስውሩ ብቻ ከሁሉ በልጦ ዋጋውን ማስመስከር ካለበት ሚዛኑ ገና ከመነሻው ተዛብቷል።

ወደ ተረቱ ልመለስ።

ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል ደረሰ፣ የሐይቅ መልእክት እንደገና መጣ። አያ ፍልፈል በዚህ ጊዜ ወደ እመት ቀበሮ አልሄደም። ነገሩን ወደ አበጋር ወሰደው። የወሎ ሰው የተጣላ የሚያስታርቅ አበጋር እንዳለው ሁሉ አውሬዎቹም ነበራቸው፤ ከጃማ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ሁለቱንም ማዶ የሚያዩ ሽማግሌው ሰስ። ቡናው ተፈላ፣ ዱዓው ተደረገ። አበጋሩ አያ ፍልፈልን አዳመጡ፣ እመት ቀበሮን አዳመጡ። ከዚያ ማንም ያላሰባትን አንዲቱን ጠሩ።

«ጥንቸሊት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ የአያ ፍልፈል ጓዝ አይደለሁም» አለች ጥንቸሊት። «ሥራ ሠርቻለሁ። ገደሉን እየነገርሁ መርቻለሁ፣ የተሳለውን እያየሁ በቃል ለማድረስ ሞክሬያለሁ። ሠርቼ ተርቤያለሁ። እሱ ደግሞ ስለኔ ረኃብ ሲጨነቅ ጉባኤውን በቅጡ አልሰማም።»

አበጋሩ ወደ ቁራ ዞሩ። «ያለፈው ዓመት የጉዞ ሒሳብ አለ? አንብብልን።»

ቁራ ብራናውን ዘረጋ። «የጉባኤተኛ ስንቅ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ስልቻ። የአለቃ በቅሎ ገብስ፣ ሦስት ቁና። በቅሎዋን ለምትስበው ጦጣ፣ አንድ ስልቻ። ለጉባኤው ማታ ማታ የሚነድ እንጨት የደጎሎ ድርሻ፣ ሃያ የአህያ ጭነት።»

«ቆይ» አሉ አበጋሩ። «ጦጣዋ ጉባኤተኛ ናት?»

«አይደለችም። በቅሎዋን ትስባለች።»

«ለምን?»

«አለቃችን መንገድ እንዳያደክማቸው፣ ደርሰው በደንብ እንዲመክሩ ነዋ።»

«ስልቻዋ ከአለቃው ስልቻ ተቀነሰ?»

ቁራ ብራናውን ደግሞ አየ። «አልተቀነሰም። የጉባኤው ወጪ ተብሎ ነው የተጻፈው።»

አለቃ ጭላዳ ጎፈሩን ማሻሸት ጀመረ።

«እንጨቱስ?» አሉ አበጋሩ። «ሃያ ጭነት ብዙ ነው። ለምንድን ነው?»

«ብርሃን ነዋ!» አለ አያ ጅቦ። «በጨለማ እንዴት ይመከራል? ማን ማንን ያያል? የተሳለው በምን ይታያል?»

«አያ ፍልፈል፣ አንተ ለመምከር ብርሃን ትፈልጋለህ?»

«አልፈልግም፣ አበጋር። እኔ በጨለማ መምከር እችላለሁ።»

ለጥቂት ጊዜ የሚናገር ጠፋ። ከዚያ እመት ቀበሮ በቀስታ መናገር ጀመረች። ባለ ሒሳብ ስለሆነች ሒሳቡ ሲገለጥላት መሸሽ አልሆነላትም።

«ሃያ ጭነት እንጨት የተገዛው ዓይን ላለው ነው» አለች። «ዓይን ላለው የወጣውን የጉባኤው ወጪ አልሁት። ዓይን ለሌለው የሚወጣውን የፍልፈል ወጪ አልሁት። አንድ ለአንድ ነው እያልሁ ስምል፣ ለአንዳችን ስልቻና በቅሎ፣ ለአንዳችን ስልቻና እሳት፣ ለአንዱ ብቻ ግማሽ ስልቻ ስሰፍር ኖሬያለሁ።»

አያ ጅቦ ግን አልረካም። «መልካም፣ ለፍልፈል ይሰጥ። ነገስ? ነገ እግሯ የተሰበረው አህያ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ጆሮው የማይሰማው ድኩላ ይመጣል። ሁሉም ተጨማሪ ይጠይቃል። ጎተራው ማለቂያ አለው እኮ!»

«ይምጡ፣ ይጠይቁ» አሉ አበጋሩ። «ጎተራው ያልበቃን ቀን ከእንጨቱም፣ ከበቅሎው ገብስም፣ ካንተ ስልቻም ምን እንደሚቀነስ አንድ ላይ ተቀምጠን እንነጋገራለን። እስካሁን ግን ሳንነጋገር ከአንዱ ብቻ ስንቀንስ ኖርን። ደግሞ አንተ ጅቦ፣ እግርህ ደኅና ሆኖ የሚቆይ ይመስልሃል? የአለቃችንስ ዓይን ባለፈው ዓመትና ዘንድሮ አንድ ነው?»

የአለቃው ዓይን አንድ አልነበረም። የቁራን ጽሕፈት በክንዱ ርቀት አርቆ ማየት ከጀመረ ቆይቷል።

ፍርዱ ተሰጠ፤ ለጥንቸሊት አንድ ሙሉ ስልቻ። ስሟ ከወዲሁ ለሐይቅ ይላክ፤ በሩ ላይ ማንም እንዳያቆማት፣ ለምሳም ድርሻዋ እንዲያዝ። ለዳክዬም መልእክት ይሂድ፤ የሚስለውን በአፉ ይናገር፣ «ከዚህ ወደዚህ» ማለቱን ትቶ ከየት ወዴት እንደሆነ ይጥራ። ሥዕሉንም አስቀድሞ በጭቃ ላይ ጎላ አድርጎ ሠርቶ ይላክ፣ አያ ፍልፈል በጥፍሩ እንዲያነበው። ቁራ ሁሉንም ጻፈ። በመጨረሻ እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«አያ ፍልፈል፣ ሁለት ስልቻ።»

«አልተስማማሁም» አለ አያ ፍልፈል።

ሁሉም ደነገጠ። «የጠየቅኸው ተሰጠህ እኮ!» አለ አለቃ ጭላዳ።

«ሁለት ስልቻ አልጠየቅሁም። በኔ ስም ሥር ሁለት ከተጻፈ የዛሬ ዓመት ጎተራው ሲጎድል ብራናው ይነበብና ፍልፈል ውድ ነው ይባላል። ከዚያም ሌላ ዓይነ ስውር ሥራ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ምን ያውቃል ሳትሉ ስንት ስልቻ ይበላል ብላችሁ ትጀምራላችሁ። የመሪው ስንቅ ከእንጨቱና ከበቅሎ ሳቢዋ ጋር ይጻፍልኝ።»

አለቃው ወደ አበጋሩ አየ። ብራና መፋቅ ቀላል አይደለም፣ ቁራም ሰነፍ ቢጤ ነበር። ነገር ግን ቆቅ ተነሥታ «ይፋቅ» አለች፤ ጃርትም ተነሣች፤ ቤቷ በውሃ የተሞላባት ጃርት። ሚዳቋ ተከተለች። ቁራ መስመሩን ፋቀና ከእንጨቱ ቀጥሎ «የመሪ ስንቅ፣ አንድ ስልቻ» ብሎ ጻፈ፤ ለአያ ፍልፈል ደግሞ አነበበለት።

አውሬዎቹ ሊበተኑ ሲነሡ ጥንቸሊት አልተነሣችም።

«ያለፈው ዓመትስ?» አለች። «ለሱ ግማሽ፣ ለኔ ግማሽ የቀረብን ነገር አለ።»

እመት ቀበሮ ቆመች፣ በልቧ አሰላች። ግማሽና ግማሽ አንድ ነው። የጎተራውን ቁልፍ ይዛ፣ «ስልቻሽን አምጪ» አለቻት።